አሮጌ ዎኪንግ ትራክተር ፈትቶ ወደ ሥራ የመመለስ ቅደም ተከተል

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በአቃቂ ግቢዎች ላሜራ ተደፍቶበት የቆመ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ማየት የተለመደ ነው። ባለቤቱ «ሞቷል» ይላል፤ ሲፈተሽ ግን ብዙውን ጊዜ የገደለው እርጅና ሳይሆን አቧራ የዋጠ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ውኃ ያለቀበት ሞተር ወይም ምልክቱ ሳይታይ የተገጠመ ማርሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ኤስ195 የሚባለውን የቻይና የናፍጣ ሞተርና በሦስት ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) የሚነዳ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላለው ዓይነት (ስድስት ማርሽ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ) የተዘጋጀ ነው። ሥራውን ከመጋቢት ጀምራችሁ ክረምት ሳይገባ ጨርሱት፤ ሰኔ ላይ የተጀመረ ፍቺ እስከ መስከረም ይንጓተታል።

ሞተሩን ከቁጥሩ ማወቅ

በሞተሩ ጎን ያለችውን ሳህን በናፍጣ አጽዱና አንብቡ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኤስ195 ማለት አንድ ሲሊንደር፣ ስፋቱ 95 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ኤስ1100 ደግሞ አንድ ሲሊንደር፣ 100 ሚሊ ሜትር። የሁለቱም ፒስተን የሚመላለሰው 115 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የመጀመሪያው 815፣ ሁለተኛው 903 ሲሲ ይሆናል። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ስለሆኑ ሻጭ «ያው ነው፣ ይገባል» ይላል። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በካሊፐር ለክታችሁ ካልሆነ አትግዙ።

ሳህኑ ላይ ያለው 12 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2000 ዙር የሚለው ቁጥር የቆላ ቁጥር ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ በአብዛኛው ከ2100 እስከ 2600 ሜትር ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚሆነው እዚህ ከፍታ ላይ የለም፤ 12 የሚለው ሞተር በተግባር ከ9 እስከ 10 ይሰጣል። ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑን «ከፈት» አድርጎ ጉልበት ልጨምርለት ካለ እንዳትፈቅዱለት። የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም፤ የተጨመረው ናፍጣ ሳይቃጠል በቫልቭና በፋሻ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል።

ከመፍታት በፊት መፈተሽ

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የግማሽ ሰዓት ፍተሻ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ዘይቱ ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከላይነሩ (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ቱቦ) በታች ያሉት የጎማ ቀለበቶች መድረቅ ነው። ዘይቱ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሩ እያፈሰሰ ነው።

የእመቃ (የታመቀ አየር) ማስለቀቂያውን እጀታ ይዛችሁ ሞተሩን በማኒቬላ (በእጅ ማዞሪያው ብረት) አዙሩት። ሳያንቀው ከዞረ እጀታውን ልቀቁና ቮላኖውን (ከባዱን የሞተር መዘውር) በእጅ ቀስ ብላችሁ እመቃው እስኪሰማ ግፉት። ደህና ሞተር ወደኋላ ይመልሳችኋል። ካልመለሰ ጆሯችሁን አስጠጉ፦ በአየር ፊልትሮው በኩል «ስስስ» ካለ የመግቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ከሆነ የመውጫው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ፋሻና ላይነር ነው። የውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ይህ ድምፅ ወጪውን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ ቫልቭ ማስተካከል የቀን ሥራ ነው፤ ላይነርና ፒስተን መለወጥ ግን ሞተሩን በሙሉ ማውረድ ይጠይቃል።

ከቮላኖው ሥር የእንጨት ደገፋ አስገብታችሁ ወደ ላይ ጎትቱት። በእጅ የሚታወቅ ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቅ ካለ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዋና ቡሽዎች (መሸከሚያዎች) አልቀዋል። በመጨረሻ ካምቢዮውን እዩ፦ ሁሉም ማርሽ ይገባል? የግራና የቀኝ መታጠፊያ እጀታዎች ሲለቀቁ ይመለሳሉ? የጎማው አክስል ከነመያዣው ይነቃነቃል?

የሞተሩ ብሎክ ወይም የካምቢዮው ቤት የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። ቀዝቃዛ ብየዳም ሆነ የኤሌክትሪክ ብየዳ የእነዚህን ብረቶች ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አይዝም። ሌላ አካል ፈልጎ ከሁለት አንድ ማድረግ ይሻላል።

መፍታት

መጀመሪያ ውኃውን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ ከዚያ ናፍጣውን አውርዱ። ቺንጋዎቹን፣ ሳልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን)፣ ፊልትሮውንና ማርሚታውን አንሱ። የኢንጀክተሩን ቱቦ ስትፈቱ ሁለቱንም ጫፍ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ እሰሩ፤ በዚያ መሥመር የምትገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኢንጀክተሩን ትጨርሳለች። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎችን ካርቶን በስታችሁ በነበሩበት ቅደም ተከተል ሰኩ። ብሎኖቹን በየክፍሉ በተለያየ ጣሳ አድርጉ፤ ስልክ ካላችሁ ከእያንዳንዱ ፍቺ በፊት ፎቶ አንሱ።

ሞተሩ ለብቻው ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። ከሻሲው ስታወርዱት ሁለት ሰው በገመድ ብቻ አይበቃም፤ በሰንሰለት ማንሻ ወይም በጠንካራ ጣውላ አንሸራትታችሁ አውርዱ።

ቮላኖው በሾጣጣ ዘንግና በቁልፍ ብረት የተያዘ ነው፤ ዳዶውን ካላላችሁ በኋላ በመጎተቻ ይወጣል። ጠርዙን በመዶሻ መምታት የክራንኩን ጫፍ ያጣምማል፣ ዘይት መከላከያውንም ያፈሳል። ዳዶውን እስከ መጨረሻው አታውጡት፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ተዉት፤ ቮላኖው ድንገት ሲለቅ እግራችሁ ላይ አይወድቅም።

ፒስተኑ የነከሰ ከሆነ፦ ይህ ሞተር ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ከላይ የፈሰሰ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ አይቆይም። ቴስታታውን አንስታችሁ ሞተሩን ሲሊንደሩ ወደ ላይ እንዲያይ አቁሙት፣ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ቮላኖውን ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ጥቂት አወዛውዙት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማስገደድ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል። ፒስተኑ ላይ ጠንካራ እንጨት አድርጎ መምታት የሚቻለው ትንሽ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት መለካት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ፒስተን፣ ላይነርና ፋሻ በአንድ ላይ ገዝቶ ይመጣል። መለካት አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል፤ አንዳንዴ ፋሻ ብቻ ይበቃል።

ውድ መለኪያ ባይኖር የሚሠራ ዘዴ አለ። አንዱን ፋሻ ከፒስተኑ አውጥታችሁ ላይነሩ ውስጥ አስገቡት፤ በፒስተኑ ጀርባ ገፍታችሁ ቀጥ እንዲል አድርጉት። መጀመሪያ ከታች፣ ፒስተኑ በማይደርስበት ቦታ ያለውን የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ለኩ፤ ቀጥሎ ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ ከሚመለስበት ቦታ ላይ ለኩ። ሁለቱን ቀንሱና ለ3.14 አካፍሉ። ምሳሌ፦ ከታች 0.40፣ ከላይ 1.50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 1.10 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል 0.35 ይሆናል። ላይነሩ ከላይ በ0.35 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል ማለት ነው፤ ሊለወጥ ደርሷል። ለ3.14 ተካፍሎ የተገኘው ከ0.15 በታች ከሆነና ጭረት ከሌለው አዲስ ፋሻ አድርጋችሁ ቀጥሉ። አዲሱን ፋሻም ከመግጠማችሁ በፊት በዚሁ መንገድ ለኩት፤ ለ95 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ከ0.3 እስከ 0.5 ያለው ጥሩ ነው። ከዚያ ከጠበበ በጥሩ ሞረድ ቀስ እያላችሁ አስፉት፤ ጠቦ የገባ ፋሻ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ሲሊንደሩን ይቧጭራል።

የክራንኩን የቢዬላ መቀመጫ ክብነት በቶርኖ ቤት ወይም ክራንክ በሚፈጩ ቤቶች በማይክሮሜትር አስለኩ። ሞላላ ከሆነ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ተፈጭቶ በዚያው ልክ ወፍራም የሆነ የቢዬላ ብሮንዝ ይገባል። ተፈጭቶ ሲመጣ የዘይት ቀዳዳውን በሽቦና በናፍጣ አጥቡ፤ ከድንጋዩ የቀረ ዱቄት እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል።

ኩሽኔታ ስትገዙ በሞተሩ ስም አትጠይቁ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ንገሩ፤ የዓለም መደበኛ ቁጥር ስለሆነ ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። ዘይት መከላከያ ጎማ ደግሞ በሦስት ቁጥር ይገዛል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት።

መግጠም

ላይነር። ብሎኩ ውስጥ የጎማ ቀለበቶቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ከዝገትና ከኖራ ፍቁ። አዲሶቹን ቀለበቶች የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ፣ ሳይጠማዘዙ፣ ላይነሩን በእጅ ግፊት አስገቡ። የላይነሩ አንገት ከብሎኩ ፊት በትንሹ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጣችሁ በፊለር አረጋግጡ። ዝቅ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አይዘጋም፤ በሳምንቱ ያፈነዳል። አሁን ክራንኩ ሳይገባ ማጠራቀሚያውን ውኃ ሙሉና አሳድሩት። ጠዋት በክራንኩ ቤት በኩል ባትሪ አብርታችሁ እዩ። አንዲት ጠብታ ካለች ላይነሩን እንደገና አውጡ። ይህን አዳር የዘለለ ሰው ዘይቱ ውስጥ ውኃ የሚያገኘው ሁሉ ነገር ከታሰረ በኋላ ነው።

ፒስተንና ቢዬላ። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ጎድጎድ ቴስታታው ላይ ካለው የነበልባል መውጫ ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ጭስ ይበዛዋል፣ ጉልበትም አይኖረውም። የፋሻዎቹ ክፍት ጫፎች አንድ መሥመር ላይ እንዳይውሉ አዟዙሩ። የቢዬላው ክዳንና አካል ላይ የተመቱት ቁጥሮች በአንድ ጎን መሆናቸውን እዩና በቶርክ መፍቻ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ እሰሩ። የቢዬላ ብሎን በግምት አይታሰርም፤ ከላላ ብሎኩን በስቶ ይወጣል።

የማርሽ ምልክት። በማርሽ ቤቱ ውስጥ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ የጋቨርነሩ (የፍጥነት ተቆጣጣሪው) እና የሁለቱ የሚዛን ዘንጎች ማርሾች አሉ። ጥርሶቻቸው ላይ የተመቱ ነጥቦች ሁሉ ከየጥንዳቸው ጋር መግጠም አለባቸው። የካምሻፍቱ ከሳተ ሞተሩ አይነሣም ወይም በግድ ይነሣል፤ ይህ ቶሎ ይታወቃል። ተንኮለኛው የሚዛን ዘንጉ ነው፦ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ይነሣል፣ ጉልበትም አለው፣ ግን መሬት ላይ ይዘላል፣ የመሪው እጀታ እጅ ያደነዝዛል፣ ብሎኖች በየቀኑ ይላላሉ። ሰዉ መሠረቱን በጎማ ለማስታገስ ይሞክራል፤ መድኃኒቱ ግን ሽፋኑን አውርዶ ምልክቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

ቫልቭ። በቫልቭ ማለስለሻ ቅባት ቫልቩንና መቀመጫውን አንድ ወጥ የሆነ ግራጫ ቀለበት እስኪታይ አሹ፣ ቅባቱን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። ሞላዎቹን ከገጠማችሁ በኋላ ቴስታታውን ገልብጣችሁ የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ናፍጣ አፍስሱ፤ አምስት ደቂቃ ካላንጠባጠበ በቂ ነው። ቴስታታውን ዳዶዎቹን በመስቀል እያቀያየራችሁ በሦስት ዙር አጥብቁ። የቫልቭ ክፍተት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፦ መግቢያ 0.35፣ መውጫ 0.45 ሚሊ ሜትር። ፒስተኑ በእመቃው ጫፍ ላይ ሆኖ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው መለካት አለበት። የእመቃ ማስለቀቂያው ወርዶ ቫልቩን ይዞት እንዳይሆን አስቀድማችሁ እዩ።

የናፍጣ ፓምፕና የመርጫ ሰዓት

ይህን ክፍል የምናስረዝመው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ፓምፑ ላይ ጫፏ ክብ የሆነች ትንሽ ክንድ አለች። ፓምፑ ወደ ማርሽ ቤቱ ሲገባ ይህች ክብ ጫፍ በጋቨርነሩ ሹካ መሰንጠቂያ ውስጥ መቀመጥ አለባት። ከጎኗ ካረፈች ፓምፑ ከውጭ ሲታይ ልክ የገባ ይመስላል፣ ብሎኖቹም ይታሰራሉ፤ ሞተሩ ግን እንደተነሣ የሚቆጣጠረው ስለሌለ ፍጥነቱ ያለ ልክ ይጨምራል። ቮላኖ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የመመልከቻዋን ትንሽ ክዳን ክፈቱ፣ ባትሪ አብሩ፣ ፓምፑን በአንድ እጅ እየገፋችሁ ክንዷን በካቻቢቴ ወደ ሹካው ምሩ። ከታሰረ በኋላ የጋዝ እጀታውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ ክንዷ አብራ ስትሄድ በዓይናችሁ ካላያችሁ ክዳኑን አትዝጉ።

የመርጫውን ሰዓት ለማየት ቱቦውን ከኢንጀክተሩ በኩል ፍቱት፣ አፉ ወደ ላይ ይሁን። አየሩ ወጥቶ ናፍጣ እስኪሞላ በማኒቬላ አዙሩ። ከዚያ ቮላኖውን በእጅ፣ በጣም በዝግታ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ግፉና አፉ ላይ ያለችውን የናፍጣ ጉልላት እዩ፤ ልትነቃነቅ በጀመረችበት ቅጽበት ቁሙ። በዚያ ጊዜ ቮላኖው ላይ ያለው የመርጫ ምልክት ከጠቋሚው ጋር መግጠም አለበት፤ ይህም ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ከዘገየ ከፓምፑ ሥር ካሉት ስስ ላሜራዎች አንዷን አውጡ፤ ከቀደመ ጨምሩ። ቀድሞ የሚረጭ ሞተር በመዶሻ እንደሚመታ ያንኳኳል፣ ማኒቬላውንም ወደኋላ ይመልሳል፤ ዘግይቶ የሚረጭ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ማርሚታው ይግላል።

ኢንጀክተሩን የናፍጣ ፓምፕ በሚሠሩ ቤቶች አስፈትሹ። ለዚህ ሞተር የመክፈቻው ግፊት ወደ 130 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ብናኝ ሆኖ ተርጭቶ በአንዴ መቆም አለበት፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ከተንጠለጠለ አፉ ይለወጥ። በጭስ ምክንያት ለመጡ ሞተሮች ሁሉ ከፋሻ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ማስነሣት

ዘይቱን እስከ መለኪያው የላይኛ መስመር ሙሉ፤ 40 ቁጥር ወይም 15ደብሊው40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ይሆናል። ናፍጣውን ሁለት ቀን ያህል በበርሜል አርፎ ከላይ ከተቀዳው ሙሉ። አየር የማውጣቱ ቅደም ተከተል ከሳልባትዮው ወደ ታች ነው፦ ፊልትሮ፣ የፓምፑ መግቢያ፣ በመጨረሻ ቱቦው። እመቃውን አስለቅቃችሁ ስታዞሩ ኢንጀክተሩ ላይ «ጥዝ፣ ጥዝ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከተሰማ ተዘጋጅቷል።

የሱሉልታ ጠዋት ሲበርድ ማጠራቀሚያው ላይ የሞቀ ውኃ ሙሉ፤ ግማሽ ድካም ይቀንሳል። በአየር መግቢያው በኩል ጨርቅ በቤንዚን አርሶ ማሽተት የሚባለው ልማድ ፋሻ ይሰብራል፤ ይቅርባችሁ።

ከመጀመሪያው መነሣት በፊት ሁለት ነገር አጠገባችሁ ይኑር፦ የአየር መግቢያውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠፍጣፋ ጣውላ፣ እና የቱቦውን ዳዶ የሚፈታ መፍቻ። ሞተሩ ፍጥነቱ ካመለጠ ፊልትሮውን በጣውላው ዝጉት ወይም ቱቦውን አላሉት። በእጅ ወይም በስስ ጨርቅ አትሞክሩ፤ ይስበዋል። ማኒቬላውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ሲነሣ ማኒቬላውን አትልቀቁት፤ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል፤ የለቀቀ ሰው ፊቱን ይመታል።

እንደተነሣ ቴስታታው ሽፋን ላይ ያለችው ቀይ የዘይት ምልክት ወዲያው ብቅ ማለት አለባት። ካላለች አጥፉ፤ የዘይት ፓምፑ አልሳበም። 15 ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ፣ ሲበርድ ቴስታታውንና የቫልቩን ክፍተት እንደገና እዩ። የመጀመሪያዎቹን 15 ሰዓታት ቀለል ያለ ሥራ አሠሩትና ዘይቱን ለውጡ። ውኃው በዚህ ከፍታ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚፈላ እንፋሎት ማየት በሽታ አይደለም፤ ውኃው እየተነነ ስለሚያልቅ ግን በየሰዓቱ መጨመር ግድ ነው። ውኃው አልቆ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ፍሪሲዮን፣ ቺንጋና ካምቢዮ

ሦስቱን ቺንጋዎች አብራችሁ ለውጡ፤ አንድ አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር ሲሆን ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ በሳምንቱ ይበጠሳል። መሃሉን በጣት ስትጫኑ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሞተሩን ሻሲው ላይ ስታስሩ የሁለቱ ፑሊ ፊቶች በአንድ መሥመር መሆናቸውን በክር ወጥራችሁ አረጋግጡ።

የፍሪሲዮኑ ሦስት ጣቶች እኩል ርቀት ላይ ካልሆኑ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። በጣቶቹና በመልቀቂያው ኩሽኔታ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ካልተተወ ሁልጊዜ በትንሹ እየተንሸራተተ ዲስኩን ያቃጥላል። ዘይት የነካውን ዲስክ በቤንዚን ማጠብ ጊዜያዊ ነው፤ የሚያፈሰውን ጎማ ሳትለውጡ አዲስ ዲስክ አትግዙ።

የካምቢዮውን ዘይት ስታወርዱ በጨርቅ አጣሩት። ጥሩ ዱቄት ያለ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ መክፈት አለባችሁ። 90 ቁጥር ዘይት ነው የሚገባው። የአክስሉ ዘይት መከላከያ ጎማ መረሬ ጭቃ ውስጥ ቶሎ ያልቃል፤ ዘንጉ ላይ ቦይ ከተቆፈረ አዲሱን ጎማ 2 ሚሊ ሜትር ጠለቅ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ያልተበላው ቦታ ላይ ያርፋል።

ማሻሻያዎች

ወደ ጥንቱ ሳይመለስ ማሻሻል አይሠራም፤ ከላይ ያለው ካለቀ በኋላ ግን የሚጠቅሙ ለውጦች አሉ።

መብራት። ብዙዎቹ ቮላኖ ውስጥ የመብራት ማመንጫ አላቸው፤ የሚወጣው ኃይል ግን ተለዋዋጭ ነው፣ ከፍጥነቱም ጋር ይጨምራል። ኤልኢዲ አምፖል በቀጥታ ካሰራችሁበት ይቃጠላል። የባለ አንድ ፌዝ ሞተር ሳይክል ሬጉላተርና 12 ቮልት ባትሪ በመካከል አስገቡ።

የውኃ ፓምፕ። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለሙ ይህ ከእርሻው ይልቅ ገንዘብ ያመጣል። ፓምፑ በደቂቃ 2900 ዙር ከፈለገና ሞተሩ 2000 ከሰጠ፣ የሞተሩን ፑሊ ስፋት በ2000 አባዙና ለ2900 አካፍሉ፤ 160 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለፓምፑ 110 ይበቃል። ፍጥነቱ በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ የሚያወጣበት ከፍታ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፑሊውን በግምት አታስቀርጹ። ስስ አየር መሳቡንም ይቀንሳል፦ እዚህ አካባቢ ፓምፑ ከውኃው በላይ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ጎማና መስመር። ለድንች የሚመከረው የመስመር ርቀት 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማዎቹን በመያዣቸው ላይ አንሸራትታችሁ ወይም ገልብጣችሁ ከመሃል እስከ መሃል 75 አድርጉ፤ ጎማው መደብ አይረግጥም። ደረቅ መረሬ ላይ ጎማው በባዶ ከዞረ የሚጎድለው ክብደት ነው፤ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ካላማዳሪያውን እስከ ሦስት አራተኛ ውኃ ሙሉት። ጭቃ ውስጥ ደግሞ የብረት ጎማ ይሻላል፤ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት ተባብረው ይሠሩታል፣ መቀርቀሪያዎቹ ግን የዋናውን ቸርኬ ቀዳዳ መከተል አለባቸው።

ቀለም መጨረሻ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቅባቱን በላርጎና በሙቅ ውኃ አስወግዱ፣ ሲደርቅ አንቲራስት፣ በማግስቱ ሁለት ስስ እጅ ቀለም። የውኃ ማጠራቀሚያውንና ሲሊንደሩን በወፍራም ቀለም አትሸፍኑ፤ ሙቀት ያፍናል።

ተጎታች። የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች አትግጠሙ። በትራክተሩ እጀታ ያለው ፍሬን የሚያቆመው ትራክተሩን እንጂ ከኋላ የሚገፋውን አሥር ኩንታል አይደለም፤ የተጎታቹ ፍሬን በእግር የሚረገጥ፣ በሁለቱም ጎማ የሚይዝ ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚነዳው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ሜዳ ላይ የቀኙን መታጠፊያ እጀታ ስትይዙ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ እየገፋ፣ ሞተሩ እያገደ ሲወርድ ግን ያው እጀታ ወደ ግራ ይወስዳችኋል። እጀታው የቀኙን ጎማ ከሞተሩ ስለሚለየው የቀኙ ነፃ ሆኖ ይሮጣል፤ ግራው ታግዶ ይቀራል። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ እንደሚወርደው ያለ መንገድ ላይ እጀታዎቹን ጨርሶ አትንኩ፤ ገና ከአናቱ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን አትያዙ፣ ማርሽ አትለውጡ፣ አቅጣጫውን መሪውን በሰውነታችሁ እየገፋችሁ ብቻ አስተካክሉ።